ማሩ የት ገባ? ከጃፓን ናራ እስከ ጋይንት ቤተ ልሔም

ጋሼ የምላቸው የእናቴ ወንድም ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። የወጣትነት ዘመናቸውን ያሳለፉት ጋይንት፣ ቤተ ልሔም በሚባለው ደብር፣ ድጓ ሲማሩ ነው። አሁን አዲስ አበባ ከባለቤታቸው ከእትዬ ጋር ይኖራሉ። ጥርሳቸው አልቋል፤ ጾማቸው ግን አላለቀም። ባለፈው ዐቢይ ጾም አንድ ሐኪም «ለጊዜው ጾሙን ቢተዉት» ብሎ ቢመክራቸው፣ ሐኪሙን አመስግነውና መርቀው ወጡ፤ ጾማቸውንም ቀጠሉ።

እትዬ ሽሮውን እያቀጠኑ፣ እንጀራውን እያራሱ ያቀርቡላቸዋል። ዳቦ ሲሆን ግን የሚበሉት ውስጡን ብቻ ነው፤ ቅርፊቱ ለድዳቸው አይመችም። ከኬክ ቤት የሚመጣው «የጾም ኬክ» ደግሞ ዘይቱ ስለሚበዛ ደረታቸውን ያቃጥላቸዋል። እኔ በየመጽሔቱ እየጻፍኩ የማድር ሰው ነኝና ገንዘብ እንጂ ጊዜ አላጣም። ስለዚህ ለስላሳም፣ የጾምም፣ ጣፋጭም የሆነ ነገር ፍለጋ ገባሁ። ፍለጋው ጃፓን ድረስ ወሰደኝ፤ ከዚያም መልሶ ጋይንት ላይ ጣለኝ። ጽሑፌ የዚህ ጉዞ ታሪክ ነው።

ነገሩ እንዲህ ጀመረ። ጃፓን አገር ተምሮ የተመለሰ አንድ ወዳጄ በእጁ ትንሽ ካርቶን ይዞ መጣ። ውስጡ እያንዳንዱ በስስ ወረቀት የተጠቀለለ፣ ከዶሮ እንቁላል አነስ የሚል ድቡልቡል ዳቦ ተደርድሯል። አንዱን ቆርሼ ብመለከት ሆዱን ጠቆር ያለ ቀይ ነገር ሞልቶታል። ቸኮሌት መሰለኝ። ስቀምሰው ግን ባቄላ ነገር ነው፤ ከስኳር ጋር እስኪልም የተማሰለ ቀይ የባቄላ ዘር! ስሙ ማንጁ ይባላል አለኝ።

«እንቁላል አለው? ወተትስ? ቅቤስ?» ስል ጠየቅሁት።

«ዱቄት፣ ባቄላ፣ ስኳርና ውሃ ነው። ሌላ ምንም የለውም። የሚበስለውም በእንፋሎት ነው» አለኝ።

አንባቢ ሆይ፤ ይህ አንዲት ጠብታ ቅባት ያልነካው፣ የለየለት የጾም ምግብ ነው። እንዲህ የሆነው በአጋጣሚ እንዳልሆነ የተረዳሁት ደግሞ ታሪኩን ሳገላብጥ ነው።

*

የማንጁ ሥር ያለው ቻይና ነው። ቻይናዎች «ማንቶው» የሚሉት ዳቦ አላቸው፤ የሁለቱ ስም አጻጻፍም አንድ ነው። አፈ ታሪኩ እንዲህ ይላል፦ በሦስተኛው መቶ ዘመን የነበረው ዡጌ ልያንግ የተባለ ስመ ጥር የጦር መሪ ከዘመቻ ሲመለስ የሚናወጥ ወንዝ ከፊቱ ይደቀናል። የአገሩ ሰዎች «የሰው ራስ ካልተገበረለት ወንዙ አያሳልፍም» ይሉታል። እሱ ግን ሰው ማረዱን ጠልቶ ሊጥ በራስ ቅል አምሳል አድቦልቡሎ፣ ሆዱን በሥጋ ሞልቶ ለወንዙ ሰጠው፤ ወንዙም ጸጥ አለ። ተረቱን ለተረት አዋቂዎች እንተወውና፣ ከውስጡ አንድ ቁም ነገር እንያዝ። ያ ጥንታዊ ዳቦ ሆዱ ውስጥ የነበረው ሥጋ ነው።

ሥጋውን ማን አወጣው? ጃፓኖች መልሱን በስም ይጠሩታል። እ.ኤ.አ. በ1349፣ ማለትም በእኛ አገር ዐፄ ሰይፈ አርዕድ በነገሡበት ዘመን፣ ሊን ጂንግዪን የተባለ ቻይናዊ አንድ ወደ አገሩ የሚመለስ ጃፓናዊ መነኩሴ ተከትሎ ባሕር ተሻገረና ናራ በምትባለው ጥንታዊት ከተማ ተቀመጠ። የሚያውቀው ሙያ ያንን ሆዱ የተሞላ ዳቦ መሥራት ነው። ደንበኞቹ ግን የቡድሃ መነኮሳት ናቸው፤ ሥጋ አይበሉም። ስለዚህ ሥጋውን አውጥቶ በቦታው የባቄላ ልቁጥ ከተተበት። እንደ ትውፊቱ፣ በሠርጉ ዕለት ቀይና ነጭ ማንጁ ለእንግዶቹ አድሏል። ናራ ውስጥ ለእሱ መታሰቢያ የቆመ ትንሽ መቅደስ አለ፤ በፈረንጆቹ ሚያዝያ 19 ቀን ጣፋጭ ሠሪዎች እየተሰበሰቡ ያከብሩታል። ቶኪዮ ያለው ሺዮሴ የተባለው የማንጁ ቤትም የዘር ሐረጉን የሚቆጥረው ከእሱ ነው።

ከሥጋ መራቅ በጃፓን የመነኮሳት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ675 ንጉሠ ነገሥት ቴንሙ የከብት፣ የፈረስ፣ የውሻ፣ የዝንጀሮና የዶሮ ሥጋ እንዳይበላ አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ በየዘመኑ ሲጠብቅና ሲላላ ቢኖርም፣ ንጉሠ ነገሥት ሜጂ የበሬ ሥጋ መብላታቸው በይፋ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ1872 ነው። ታዲያ መነኮሳቱ የሥጋውን ስም ይዘው ሥጋውን በእህል መተካት የለመዱት ነገር ሆነ። «ዮካን» የሚሉት፣ እንደ ሳሙና ተቆርጦ የሚቀርብ የባቄላ ጣፋጭ አላቸው። ስሙ ሲጻፍ ትርጉሙ «የበግ ሾርባ» ማለት ነው! በጉ ወጥቶ ባቄላው ገባ፤ ስሙ ግን በቦታው ቀረ።

ይህንን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። እኛስ የሽምብራ አሳ የምንለው ምኑ አሳ ነው? የሽምብራ ዱቄት አሽተን፣ በአሳ ቅርጽ ቆርጠን፣ ወጥ ውስጥ እንከተዋለን፤ ከዚያም አሳ በላን እንላለን። ጾም የትም አገር ቢሆን ወጥ ቤትን ብልህ ያደርጋል ማለት ነው።

*

እንግዲህ ባቄላው ገባ። ስኳሩስ? በሊን ጂንግዪን ዘመን ስኳር ጃፓን ውስጥ ከመድኃኒት የሚቆጠር ብርቅ ዕቃ ነበር። ጣፋጭነት በገፍ የመጣው በመርከብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1543 ፖርቱጋሎች ጃፓን ደረሱ፤ በስኳርና በእንቁላል የሚሠራውን ኬካቸውን አስተዋወቁ። ጃፓኖች እስከ ዛሬ «ካስቴላ» ይሉታል፤ ዳቦንም በፖርቱጋሎቹ ቋንቋ «ፓን» ብለው ይጠሩታል።

ዘመኑን ልብ በሉልኝ። እነዚሁ ፖርቱጋሎች ከሁለት ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1541፣ በክሪስቶቮ ዳ ጋማ መሪነት ምጽዋ ወርደው ወደ እኛ ደጋ ወጥተው ነበር። በኋላም ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ከጣና ዳር እስከ ጎንደር ዙሪያ ተቀመጡ። ዐፄ ፋሲለደስ ሚስዮናውያኑን ያስወጡት በ1630ዎቹ ነው፤ ጃፓኖችም ፖርቱጋሎችን ያባረሩት እ.ኤ.አ. በ1639 ነው። ሁለት የማይተዋወቁ አገሮች በአንድ አሥር ዓመት ውስጥ በአንድ እንግዳ ላይ በር ዘጉ። ጃፓን ግን አንዲት ቀዳዳ ተወች። በናጋሳኪ ወደብ ባለች አንዲት ትንሽ ደሴት ላይ የሆላንድ ነጋዴዎች እንዲቀመጡ ፈቀደች። የሆላንድ መርከብ ከሚያራግፈው ዕቃ አንዱ ስኳር ነበር። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን ደግሞ ሾጉን ዮሺሙኔ ለውጭ ስኳር የሚወጣው ብር ቢከነክናቸው፣ ሸንኮራ በአገር ውስጥ እንዲተከል አደረጉ። የጌቶች የሻይ ማጣጫ የነበረው ጣፋጭ ቀስ እያለ ወደ ከተሜው ወረደ። ማንጁ የሁሉ ሰው የሆነው ስኳሩ የሁሉ ሰው መሆን ሲጀምር ነው። ይህቺን ነጥብ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ከጃፓን ጋር ያለን ትውውቅም የትናንት አይደለም። በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥታችን ዓይኑን የጣለው እ.ኤ.አ. በ1889 በወጣው የጃፓኖቹ ሕገ መንግሥት ላይ ነበር። በ1924 ዓ.ም. ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ቶኪዮ ድረስ ተልከው ሄዱ፤ ተመልሰውም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። በዚያው ሰሞን የጃፓን አቡጀዴ ገበያችንን አጥለቅልቆት ነበር። ሕጋቸውንም ፋብሪካቸውንም ተመኝተናል፤ ጨርቃቸውንም ለብሰናል። ማጀታቸውን ግን ያንኳኳ አልነበረም። እኔ በጋሼ ድድ ምክንያት አንኳኳሁ።

*

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ጃፓኖቹ የሚጠቀሙበት ትንሹ ቀይ ባቄላ በእኛ ገበያ የለም። ወዳጄ ግን «ነጭ ቦሎቄም ይሆናል፤ እነሱም ከነጭ ባቄላ ይሠራሉ» ብሎኝ ስለነበር ከስምጥ ሸለቆው ምድር የሚመጣውን ነጭ ቦሎቄ 250 ግራም ገዛሁ። ማታውን ዘፍዝፌ አሳደርኩት። ጠዋት አፈላሁና የመጀመሪያውን ውሃ ደፋሁት፤ የእህሉን ምሬት ይዞ የሚሄደው እሱ ነው። በአዲስ ውሃ በጣት መካከል እስኪፈርስ ቀቀልኩት። ቀጥሎ በብረት ወንፊት እያሸሁ ልጣጩን አስቀረሁና፣ የወረደውን ከ200 ግራም ስኳር ጋር በለስላሳ እሳት ማማሰል ጀመርኩ።

እትዬ በሩ ላይ ቆመው ይታዘቡኛል።

«ምንድን ነው ስሙ?» አሉኝ።

«ሺሮ-አን ይባላል፤ እትዬ። ሺሮ በጃፓንኛ ነጭ ማለት ነው።»

«ሽሮ!» አሉ፤ እጃቸውን አጨብጭበው። «ሽሮ በስኳር ሲሠራ ዛሬ ገና አየሁ። በል ተወው፤ የስኳሩን ዋጋ አትንገረኝ።»

ማማሰያው ድስቱን ሲልግ ግርጌው ታይቶ የሚቆይ ከሆነ በስሏል። አውርጄ አቀዘቀዝኩትና የግማሽ ሎሚ መጠን እያደረግሁ 16 ቦታ አድቦለቦልኩት። ለሊጡ 100 ግራም ስኳር በሩብ ብርጭቆ ትኩስ ውሃ አሟምቼ፣ ሲበርድ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር የገባበት 200 ግራም የስንዴ ዱቄት ጨመርኩበት፤ ሲደርቅብኝ ጥቂት ውሃ ጠብ እያደረግሁ። ይህ ሊጥ እንደ ድፎ ሊጥ አይታሽም፤ ካሹት ይጠነክራል። በቀስታ ሰብስቦ ለግማሽ ሰዓት ያህል ማሳረፍ ነው። ከዚያ 16 ቦታ ቆርጦ በመዳፍ ማሳሳት፤ ዳሩ ከመሐሉ ይሳሳ፤ ቦሎቄውን መሐሉ ላይ አኑሮ ዳሩን ወደ ላይ ሰብስቦ መቋጠር፤ ቋጠሮውንም ወደ ታች አድርጎ ማስቀመጥ።

በዚህ መካከል እትዬ አላስቻላቸውም። «ወንድ ልጅ ማጀቴ ገብቶ ሊጥ ሲያድቦለቡል! እናትህ ብታይ ምን ትል ነበር?» አሉ።

ጋሼ ከሳሎን ሆነው መለሱላቸው። «እኔስ ቤተ ልሔም ገብቼ አላቦካሁም?»

«የእርስዎ ሌላ ነው፤ የእግዜር ነው» አሉ እትዬ፤ ክርክሩም በዚያው ተዘጋ።

እውነታቸውን ነው። በአገራችን ወንድ ልጅ ያለ ኀፍረት ዱቄት የሚነካባት አንዲት ቤት አለች። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ በምሥራቅ በኩል የምትሠራ ትንሽ ቤት ናት፤ ስሟም ቤተ ልሔም ነው። የቅዳሴው ኅብስት የሚዘጋጀው በእሷ ነው፤ የሚያዘጋጁትም ዲያቆናት ናቸው። ስሙ ከዕብራይስጥ የመጣ ሲሆን «የዳቦ ቤት» ማለት ነው። የሚገርመው ይኸው ቃል ዐረቦች ዘንድ ሲደርስ «ለሕም» ሥጋ ማለት መሆኑ ነው። አንዱ ሕዝብ ዳቦ ያለበትን ሌላው ሥጋ ይለዋል። የማንጁ ነገር በአንድ ቃል ውስጥ ታሪኩን የደገመ አይመስልም?

ለእንፋሎቱ ጉዳይ እትዬ ራሳቸው ገቡበት። ከድስቱ ግርጌ ውሃ፣ ከውሃው በላይ የእንጨት ርብራብ፣ በርብራቡ ላይ ንጹሕ ጨርቅ። «ይሄማ የእኛ ህብስት ነው» አሉ። በእርግጥም በጎንደር በኩል ምጣድ ሳይነካው በእንፋሎት የሚበስል ህብስት የሚባል የስንዴ ዳቦ አለ። ክዳኑንም በጨርቅ ጠቅልለው ገጠሙት፤ ላቡ ተንጠባጥቦ ዳቦውን እንዳያበላሸው ነው። ወዳጄ ጃፓን ውስጥ የተማረውን ዘዴ እትዬ ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል።

12 ደቂቃ ቆየና ከፈትነው። ከአሥራ ስድስቱ አምስቱ ሆዳቸው ፈንድቶ ቦሎቄው ፈሷል፤ ሊጡን አብዝቼ አሳስቼው ኖሯል። አሥራ አንዱ ግን ነጭ፣ ለስላሳ፣ ወዛም ሆነው ወጡ።

*

ጋሼ አንዱን በሁለት ጣታቸው ቆርሰው ውስጡን አዩት፤ ቀመሱትም። ዝም አሉ። ሁለተኛውን አነሱ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ስንዴው ነበረን። ባቄላው ነበረን። እንፋሎቱም ጾሙም ነበረን። ማሩ ደግሞ ከማንም በላይ ነበረን። ታዲያ እኛ ይህንን ለምን አልሠራነውም?»

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ እኔን ግን ብዙ ቀን አሰንብቶኛል። መሙላትን አላጣነውም። አነባበሮ በሁለት እንጀራ መካከል ድልህ የተቀባ ምግብ ነው፤ ዶሮ ዳቦ ሆዱ ዶሮ ወጥ ነው፤ ሳምቡሳም ምስር የጎረሰ ሊጥ ነው። የሞላነው ግን በርበሬ ነው። ማሩ ከዳቦው ጎን ይቀርባል፤ የተከበረ እንግዳ ሲመጣ ዳቦ በማር እያጠቀሰ ይበላል። ከዳቦው ሆድ ግን አልገባም። የት ገባ?

መልሱ ያለው ግብር በሚለው ቃላችን ውስጥ ይመስለኛል። ቃሉ ሁለት ፊት አለው። ገበሬው ለጌታው የሚከፍለው ግብር ይባላል፤ ጌታው ድንኳን ጥሎ የሚያበላውም ግብር ይባላል። ማር በሁለቱም ፊት ያለፈ ዕቃ ነው። ከገበሬው ቀፎ ተቆርጦ፣ በጉንዶ ተሞልቶ እንደ ግብር ይወጣል፤ ከጌሾ ጋር ተጥሎ ጠጅ ይሆንና በግብር አዳራሽ በብርሌ ይቀዳል። ሰሙም ጧፍ ሆኖ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ገበሬው የሚጠጣው ጠላ ነው። ለእሱ ቤት የምትቀረው ማር ለሳልና ለቁስል፣ ለአራስና ለክፉ ቀን እንስራ ውስጥ የምትደበቅ ናት። የጃፓን ስኳር ከጌቶች ሰፈር ወደ ከተሜው ሲወርድ፣ የእኛ ማር ከገበሬው ቤት ወደ ጌቶች አዳራሽ ይወጣ ነበር። ጣፋጭ ዳቦ ያጣነው ምላሳችን ጣፋጭ ስለማያውቅ አይደለም፤ ጣፋጩ ባለቤት ስለነበረው ነው።

ስኳርም ሲመጣ ዘግይቶ ነው የመጣው። የአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ስኳር ፋብሪካ ወንጂ ላይ ሥራ የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። ያቋቋመውም ኤች. ቪ. ኤ. የተባለ የሆላንድ ኩባንያ ነው። ኩባንያው በኢንዶኔዥያ ሰፊ የእርሻ ይዞታ የነበረው ሲሆን፣ ያች አገር ነጻ ስትወጣ ሌላ መሬት ፍለጋ አዋሽ ዳር መጣ። ናጋሳኪ ስኳር ያራገፈው የሆላንድ ነጋዴ በሦስት መቶ ዓመት ዘግይቶ ለእኛም ደረሰ ማለት ነው። ከወንጂ በኋላ ሻይ በስኳር የየገጠሩ ገበያ ወግ ሆነ፤ ደስታ ከረሜላም በየሕፃኑ ኪስ ገባ። ማር የሚያስገብረው ሥርዓት ደግሞ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ አበቃ። በከተማው ግን ጣፋጭ ማለት ጣሊያኖች፣ ግሪኮችና አርመኖች በከፈቷቸው ኬክ ቤቶች መስታወት ውስጥ የሚታይ፣ የሰው አገር ነገር ሆኖ ቆየ።

ስለ ጋይንት ደግሞ ይህንን ማለት ይገባል። ከነፋስ መውጫ ግራና ቀኝ ያለው ደጋ ብርዳም ነው፤ መሬቱ ተበልቷል፤ ዝናቡም ይቀጥፋል። ላይ ጋይንትና ታች ጋይንት በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም የታቀፉት እህሉ ከዓመት ዓመት ስለማያደርስ ነው። ጣፋጭ የትርፍ ልጅ ነው፤ ትርፍ በሌለበት አይወለድም።

በዚያ ምድር የዳቦ ቤት የሚል ስም ያለው ደብር መኖሩን ሳስብ ይገርመኛል። ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ነው። የቤተ ልሔም ዜማ፣ የቆማ ዜማ፣ የአጫብር ዜማ ሲባል አንዱ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ድጓ የዘለቀ ተማሪ ከየአገሩ ተጉዞ እዚያ ሳይመሰክር መምህር ተብሎ አይቀመጥም። ቤተ ክርስቲያኑም እንደ ማንጁ ነው ብል ጋሼ ይቆጡኝ ይሆናል። ከውጭ የሚታየው እንደ ሌላው የአገሩ ቤተ ክርስቲያን ክብ የሣር ክዳን ቤት ነበር፤ ወደ ውስጥ ሲዘልቁ ግን በጥርብ ድንጋይ የታነጸ ባለ አራት ማዕዘን ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1955 ቶማስ ፓከናም የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ በበቅሎ መጥቶ ይህንን ቢያይ ተደነቀ፤ በ1959 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉም ለዓለም አወራው። ለአገሩ ሰው ግን የተደበቀ ነገር አልነበረም።

ተማሪዎቹ የሚኖሩት ደግሞ በቁራሽ ነው። ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንግተው፣ ውሻ እየተከላከሉ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ከደጅ ደጅ ይዞራሉ። የተረፈውን ቁራሽ ፀሐይ ላይ አድርቀው ኮቸሮ ያደርጉትና ለክፉ ቀን ያስቀምጡታል። ጋሼ ጥርሳቸውን የጨረሰው ኮቸሮ እንደሆነ ይናገራሉ። «የዳቦ ቤት ብለውት፣ ዳቦውን በድንጋይ ነበር የምንሰብረው» ይላሉ፤ እየሳቁ።

*

ይህንን ሁሉ አንብቤና አስቤ ስለ ግብርና ስለ ማር ያገኘሁትን ሳጫውታቸው፣ ጋሼ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። ከዚያም እንዲህ አሉ።

«ልክ ነው። አንድ ጊዜ ግን ገብቷል።»

«ምኑ?» አልኳቸው።

«ማሩ፤ ዳቦው ሆድ ውስጥ።»

ቤተ ልሔም በገቡ በሁለተኛው ዓመት፣ የቡሄ ሰሞን ነው። ዝናቡ አላባራ ብሎ ተማሪው ሁሉ ታሟል፤ እሳቸውም ሳል ይዟቸው ድምፃቸው ጠፍቷል። ለድጓ ተማሪ ድምፅ ማጣት ሁሉን ማጣት ነው። እየሳሉ አንዲት ባልቴት ደጅ ቆሙ። ልመናውን ለማለት እንኳ ድምፅ አልወጣላቸውም። ሴትዮዋ ለልጆች ከጋገረችው ሙልሙል አንዱን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። ቆየች። ስትመለስ ሙልሙሉ ትኩስ ነው፤ ግን ከበደ። «እዚህ አትብላው፤ ለማንምም አታውራ፤ ለግብር ከተቆጠረው ላይ ነው» አለቻቸው።

ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ቆረሱት። ሙልሙሉን ከሥሩ ፈልፍላ፣ ልቡን አውጥታ፣ ማር ሞልታበት፣ መልሳ በዳቦው ልብ ደፍናዋለች።

«ድምፅዎ ተመለሰ?» አልኳቸው።

«በሳምንቱ ተመለሰ። ማሩ ይሁን ዕድሜዬ እንጃ» አሉ። ከዚያም ሰሃኑ ላይ ወደ ቀረው ማንጁ እያዩ «ይህንን የፈጠረው ሰውዬ ማን ነበር ያልከኝ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ሊን ጂንግዪን።»

«መቅደስም አለው አልከኝ?»

«አዎን፤ ናራ ውስጥ።»

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኔ የሴትዮዋን ስም አልጠየቅኋትም» አሉ።